አምስት ቀዳዳ፣ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል

አክስቴ የምትኖረው ሲሪንቃ ነው። ከመርሳ ተነስታችሁ ወደ ወልድያ ስትሄዱ፣ ዋናው አስፋልት ዳር የምታገኟት የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎን ሲያዳርስ አካባቢው ላይ ስልክም መብራትም ጠፋ። ለወራት ደወልኩ፤ ስልኩ አይጠራም። ከዚያ አንድ ቀን፣ በእግሩ ከዚያ የወጣ ሰው ከደብተር የተቀደደች ብጣሽ ወረቀት ለቤተሰብ አደረሰ። ላይዋ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ደህና ነን»።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። መልእክት ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው እንዲደርስ፣ ካልደረሰም እንደገና እንዲላክ የሚያደርግ ኮድ መጻፍ የዕለት እንጀራዬ ነው። ያቺ ወረቀት ግን መልእክት እንዲህ በእጅ የሚያዝ ነገር ሊሆን እንደሚችል አስታወሰችኝ። በኪስ ይገባል፣ ይታጠፋል፣ ላብ ይነካዋል፣ ግን ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ነው ስለ አንድ የተረሳ ዕቃ ማንበብ የጀመርኩት። ዳታ በወረቀት ላይ በቀዳዳ ስለሚጻፍበት ፔፐር ቴፕ።

ከሸማኔው ተጀመረ

ፔፐር ቴፕ ማለት ቀጭን ረጅም የወረቀት ጥቅልል ነው። በወርዱ ላይ ቀዳዳዎች በረድፍ ይበሳሉ። አንድ ረድፍ አንድ ፊደል ወይም አንድ ቁጥር ነው። ቀዳዳ ካለ 1፣ ከሌለ 0። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሐሳቡ ግን ከኮምፒውተር በብዙ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1725 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ባሲል ቡሾን የሚባል ሰው፣ ሸማኔው ጥለት ሲያወጣ የትኛው ድር መነሳት እንዳለበት የሚነግር የተበሳ ወረቀት ሠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዣን ባፕቲስት ፋልኮን ጥቅልሉን ወደ ካርድ ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ1804 ደግሞ ዣካርድ ሙሉ የሽመና መሣሪያ አድርጎ አወጣው። የኛ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ጥለቱን ሲያወጣ ድሩን እየቆጠረ ነው፤ ስንቱን አንስቶ ስንቱን እንደሚተው በጭንቅላቱ ይዞታል። ቡሾን ያደረገው ያንን ቆጠራ ከሸማኔው ጭንቅላት አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። ዛሬ «ፕሮግራም» የምንለው ነገር ሥሩ እዚያ ነው።

ከሽመና ወደ ቴሌግራፍ የተሻገረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 አሌክሳንደር ቤይን በተበሳ ወረቀት ቴሌግራፍ መላክ የሚቻልበትን መንገድ አሳየ፤ በ1850ዎቹ መጨረሻ ቻርልስ ዊትስተን አሻሻለው። በ1870ዎቹ ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ እያንዳንዱ ፊደል አምስት ምልክት ብቻ የሚወስድበትን ኮድ ፈጠረ። በ1901 ዶናልድ መሬይ ኮዱን ከታይፕ ገበታ ጋር አጋባው። ቴሌክስ የምንለው አገልግሎት ከዚህ ኮድ በተወለደው ዓለም አቀፍ መለኪያ ላይ ቆመ።

አምስት ቀዳዳ ስንት ያወራል?

አምስት ቀዳዳ 32 ዓይነት ቅንብር ይሰጣል። ቁጥሩን ልብ በሉልኝ። የላቲን ፊደል 26 ነው። ክፍት ቦታ፣ ወደ መስመር መጀመሪያ መመለሻና ወደ ቀጣዩ መስመር መውረጃ ሲጨመሩ 29። «አሁን ፊደል ነው» እና «አሁን ቁጥር ነው» የሚሉ ሁለት መቀየሪያዎች ሲጨመሩ 31። አንዷ ምንም ቀዳዳ የሌላት ባዶ ረድፍ ናት፤ 32 ሞላ። ለላቲን ፊደል ልክ እንደተሰፋ ልብስ ነው። አንድ ቦታ እንኳ አልተረፈም።

የቴሌክስ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ መልእክቱን በቀጥታ መስመር ላይ አይጽፍም። መስመር የሚከፈልበት በደቂቃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መስመሩ ተዘግቶ እያለ ቴፑ ላይ ይበሳል፣ ይታረማል፣ ከዚያ መስመሩ ሲከፈት ማሽኑ ሳያቋርጥ በሙሉ ፍጥነት ያነበዋል። የቴሌክስ ፍጥነት 50 ቦድ ነበር፤ በደቂቃ 400 ፊደል ያህል ማለት ነው። ለዚያ ዘመን ጥሩ ነው።

በጣም የምወደው ነገር ስሕተት የሚታረምበት መንገድ ነው። ወረቀት ከተበሳ በኋላ ቀዳዳውን መድፈን አይቻልም። ታዲያ እንዴት ይሰረዛል? ቀዳዳ በመጨመር! ሠራተኛው ቴፑን አንድ ረድፍ ወደኋላ መልሶ አምስቱንም ይበሳቸዋል። አምስቱም የተበሱበት ረድፍ «አሁን ፊደል ነው» የሚለው መቀየሪያ ነው፤ ማሽኑ ፊደል ላይ ከነበረ ምንም አያትምም፣ ያልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሰባት ቢት ኮድ አስኪ ይህንኑ ልማድ ወርሷል። እዚያ ውስጥ «ሰርዝ» የሚለው ምልክት 127 ነው፤ ሰባቱም ቢት 1። ፕሮግራም ስትማሩ «ለምንድነው ሰርዝ ከሌሎቹ መቆጣጠሪያዎች ተለይቶ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው?» ብላችሁ ከነበረ፣ መልሱ የወረቀት ቀዳዳ ነው።

ፊደላችን ሲመጣ

የሽቦ መልእክት ኢትዮጵያ የገባው ቀድሞ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር መዘርጋት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1952 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርዱ በአዋጅ ተቋቋመ። ቴሌክስም በተራው መጥቶ የባንክ፣ የአየር መንገድና የዜና ሥራ መሣሪያ ሆነ።

ግን ያ ማሽን የሚያውቀው 26 ፊደል ነው። በአማርኛ የታሰበ ነገር በላቲን ተጽፎ ነው የሚሄደው። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ «ቀ» እና «ከ» ይደባለቃሉ። «ጠ» እና «ተ»ም እንዲሁ። ሲሪንቃ «ሲሪንካ» ትሆናለች። ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለው ቃሉ ወረዳ እና «እንዲህ ካሉ» የሚለው «ካሉ» በቴፑ ላይ ቁርጥ አንድ ዓይነት ቀዳዳ ናቸው። ተቀባዩ ከዐውዱ ይረዳው ይሆናል፤ የቦታ ስም ሲሆን ግን ዐውድ ብዙ አያግዝም።

ታዲያ ፊደሉን ለምን እንዳለ አይልኩትም? እስቲ እንቁጠር። 33 የፊደል ቤተሰብ በ7 ሆሄ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር። አምስት ቀዳዳ 32 ላይ ያልቃል። በመቀየሪያ ብናባዛው እንኳ 64 አይሞላም፣ ምክንያቱም ክፍት ቦታውና መቀየሪያዎቹ ራሳቸው ቦታ ይይዛሉ።

ይህን ግድግዳ መጀመሪያ የተጋፈጡት የጽሕፈት መኪና ሰዎች ናቸው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ሲነድፉ የሄዱበት መንገድ ፊደሉን መክፈል ነው። ግንዱ በአንድ ቁልፍ፣ የሆሄው ቅጥያ በሌላ ቁልፍ ይመታል፤ ሁለቱ ወረቀት ላይ ይገጥማሉ። በድሮ መኪና የተጻፈ ደብዳቤ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የ«ሉ» ቅጥያ ከ«ለ» ትንሽ ራቅ ብላ ትንጠለጠላለች። ያስቃል፤ ግን ይነበባል። በቴሌኮሙኒኬሽኑ ዓለም ደግሞ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር በመሥራት ስማቸው ይጠራል።

ችግሩን በራሴ ወረቀት ላይ ሠርቼዋለሁ፤ ሞክሩት፣ ጥሩ የቅዳሜ እንቆቅልሽ ነው። 33 ግንድና 6 ቅጥያ ቢኖር (ሳድስን ያለ ቅጥያ ብንተወው) 39 ምልክት ይሆናል። አሁንም ከ32 ይበልጣል፤ ግን በሁለት መቀየሪያ ይገባል። ዋጋው ርዝመት ነው። «ሰላም» ሦስት ረድፍ መሆኑ ቀርቶ አምስት ይሆናል፤ መቀየሪያ በገባ ቁጥር ደግሞ ይጨምራል። በሁለተኛው ወገን የቆሙ ሰዎችም ነበሩ፦ ማሽኑን ለፊደሉ ከምናሰፋ ፊደሉን ለማሽኑ እናሳጥረው፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሠ»፣ «ዐ»፣ «ፀ» ይውጡ የሚሉ። ክርክሩ በተደጋጋሚ ተነስቷል። እንደ ኢንጂነር ሁለተኛውን ወገን ይገባኛል፤ ግን አልስማማም። ማሽኑ በሃያ ዓመት ውስጥ ቁራሌው የሚወስደው ብረት ሆነ። ፊደሉ አሁንም አለ።

የትኛው ወረቀት?

እንግዲህ አንድ ቀን «ራሴ ልብሳ» አልኩ። ድሮ ኮምፒውተሮችን የሚጠግኑ ሰዎች ዛሬም የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው ወረቀት መምረጥ፤ መልሱም የሚወሰነው በሚበሳውና በሚያነበው ማሽን ነው።

መጀመሪያ ወርድ። የአምስት ቀዳዳ ቴፕ ወርዱ 17.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የስምንት ቀዳዳው 25.4። ከረድፍ እስከ ረድፍ በሁለቱም 2.54 ሚሊ ሜትር ነው። ከዳታው ቀዳዳዎች ሌላ በርዝመቱ የምትሄድ አነስ ያለች የመጎተቻ ቀዳዳ አለች፤ የማሽኑ ጥርስ የሚይዘው እሷን ነው።

ሁለተኛ ዓይነት። በዘይት የተነከረ ወረቀት አለ፤ ዘይቱ የመብሻውን መርፌዎች ያለሰልሳል፣ መብሻው ቶሎ አይደንዝም። ቀዳዳውን በመርፌ እየዳሰሰ ለሚያነብ ማሽን ተስማሚ ነው። በብርሃን ለሚያነብ ማሽን ግን ጉዳት አለው፤ ዘይት የነካው ወረቀት ብርሃን ያሳልፋልና ማሽኑ ቀዳዳ የሌለበትን «ቀዳዳ» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ለእሱ ዘይት የሌለው፣ ጠቆር ያለ ወረቀት ይመረጣል። ሦስተኛው ማይላር የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ሺህ ጊዜ ቢነበብ አይቀደድም፤ ፋብሪካዎች በየቀኑ ማሽን ላይ ለሚጭኑት ዋና ቅጂ ይጠቀሙበት ነበር። ግን መብሻውን ይበላዋል፤ ወረቀት ለመብሳት የተሠራ መብሻ ላይ በየቀኑ ማይላር መጫን ቢላን በድንጋይ ላይ እንደመክተፍ ነው።

ውፍረቱም አለ፦ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ከዚያ ከሳሳ የመጎተቻ ቀዳዳው ይቀደዳል፤ ከወፈረ መብሻው ውስጥ ይቀረቀራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት ለመፍታት የተሠራው የእንግሊዞቹ ኮሎሰስ ቴፕ በሰከንድ 5,000 ፊደል ያነብ ነበር። ቶሚ ፍላወርስ ፍጥነቱን ወደ 9,700 ሲያደርሰው የተበጣጠሰው ማሽኑ ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

እኔ ጋ የደረሰው ከዚህ ሁሉ የተዋረደ ነው። መጀመሪያ የካሽ ሬጅስተር ጥቅልል ወረቀት ሞከርኩ፤ ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፣ ሲቆይ ልሙጥ ሆኖ ይደበዝዛል፣ ላዩ ላይ ምልክት ማድረግም አስቸጋሪ ነው። ከዚያ ተራ ባለ 80 ግራም የፕሪንተር ወረቀት፤ ውፍረቱ ለካ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው! በ25.4 ሚሊ ሜትር ቆረጥኩት። መብሻው ነው ያስቸገረኝ። የቆዳ መብሻ ትንሹ ጥርሱ 2 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በቀዳዳና በቀዳዳ መሃል የሚተርፈው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ወረቀቱ ተበጣጠሰ። ወስፌ ሞከርኩ፤ ወስፌ ግን ወረቀቱን ይገፋዋል እንጂ ቆርጦ አያወጣውም፣ ሽፋኑ ተመልሶ ይዘጋል። መጨረሻ ላይ የቀጭን ብረት ቱቦ ጫፍ ሞርጄ፣ ከሥሩ እንጨት አድርጌ በመዶሻ መታሁት። ወረቀቱም ከፕሪንተር ወረቀት ወደ ካኪ ፖስታ ተቀየረ፤ ጠቆር ስለሚል ቀዳዳው በስልክ ካሜራ ይለያል።

ወስፌው ባይሠራልኝም አንድ ነገር አስታወሰኝ። ብራና የሚጽፉ ጸሐፊዎቻችን ከመጻፋቸው በፊት የብራናውን ዳር በወስፌ ይወጉታል፤ መስመር የሚያሰምሩት ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስን የመሰሉ ገዳማት ባሉበት ወሎ ይህ ሥራ ብዙ ዘመን የኖረ ነው። አሮጌ ብራና ስታገላብጡ ዳርዳሩን እዩት፤ ቀዳዳዎቹ አሁንም በረድፍ ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ።

በአስራ ስድስት ረድፍ

አሁን ምን ልጻፍበት? ያው ሁለቱን ቃል ነዋ። «ደህና ነን»።

ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው የግዕዝ ፊደል የሚቀመጠው በዩኒኮድ ነው። ፊደላችን እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው፤ 384 ቦታ ተሰጠው። በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በስምንት ቀዳዳ ቴፕ ሦስት ባይት ሦስት ረድፍ ነው። አምስት ፊደል 15 ረድፍ፣ ክፍት ቦታዋ አንድ፤ በድምሩ 16 ረድፍ። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ። የመጎተቻውን ሳይጨምር 52 ቀዳዳ። ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱን በመዶሻ የመታሁት እኔ ነኝ።

ስበሳ ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ፊደል የመጀመሪያ ረድፍ ሁሌም ያው አራት ቀዳዳ ነው፤ ቴፑን ከሩቅ ብታዩት በየሦስት ረድፉ የሚደጋገም ጥለት አለ። ከላቲን ጽሑፍ መሃል አማርኛውን በዓይን መለየት ይቻላል።

ሁለተኛው ነው ያስደነገጠኝ። በስምንት ቀዳዳ ቴፕ ላይ የመጎተቻዋ ቀዳዳ የምትሄደው መሃል ላይ አይደለም፤ በአንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው ወገን አምስት ቀዳዳ ትታ ነው። ወረቀቱ ተገልብጦ እንዳይገባ ይጠቅማል። ዩኒኮድ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ነው የያዘው፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቢቶች፣ ከጥቂት ልዩ ፊደላት በቀር፣ ሆሄውን ይናገራሉ። ሁለቱን ስታጋጥሟቸው በየፊደሉ ሦስተኛ ረድፍ፣ በሦስቱ ወገን ያሉት ቀዳዳዎች ሆሄው ናቸው! ምንም ካልተበሳ ግዕዝ ነው፤ «ደ» እና «ነ» እንዲያ ናቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ከተበሱ ራብዕ፤ «ና»። አንደኛውና ሦስተኛው ከተበሱ ሳድስ፤ «ህ» እና «ን»። የመጎተቻዋ መስመር በዚያች ረድፍ ላይ ግንዱን ከሆሄው ትከፍለዋለች። ይህን ማንም አስቦ አላደረገውም፤ ቴፑን የነደፉት ሰዎች ስለ ፊደላችን አያውቁም፣ ፊደሉን ዩኒኮድ ያስገቡትም ስለ ቴፕ አላሰቡም። ግን ውጤቱ አያና ብሩ በጽሕፈት መኪናው ላይ ያደረጉት ነው፦ ግንድ በአንድ ወገን፣ ቅጥያ በሌላ ወገን። ፊደሉ ራሱ እንዲያ ስለሆነ ነው።

ምን ይተርፋል?

ቴፕ ይሻላል እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ለአልቴር ኮምፒውተር የወጣው የቢል ጌትስና የፖል አለን ቤዚክ በፔፐር ቴፕ ይሰጥ ነበር፤ 4,096 ባይት 10 ሜትር ከግማሽ ያህል ይወስዳል፣ በሰከንድ 10 ፊደል በሚያነበው ቴሌታይፕ 33 ለመጫን ሰባት ደቂቃ ገደማ። አንድ ባለ ሦስት ሜጋባይት የስልክ ፎቶ በቴፕ ቢበሳ ከአክስቴ ቤት ደጃፍ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይዘረጋል።

ወረቀት ደግሞ ይቃጠላል። ሲሪንቃን ብዙ ሰው የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው፤ ማሽላን፣ ጤፍን፣ አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ጠላት ሲያጠና የኖረ ተቋም ነው። በጦርነቱ ዘረፋና ውድመት ከደረሰባቸው ተቋማት አንዱ እሱ ነው። የምርምር መዝገብ ማለት የዓመታት ዝናብ፣ የዓመታት አዝመራ ነው፤ ያለፈውን ክረምት ተመልሰህ አትለካውም። መዝገቡ አንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ ወረቀት ይሁን ሃርድ ዲስክ ለውጥ የለውም።

ይህን ገበሬው ያውቀዋል። የምርጥ ማሽላ ዛላ ለዘር ተመርጦ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ለጎረቤት ያበድራል፣ ለልጁ ያካፍላል። የአንዱ ሲጠፋ የሌላው አለ። በእኛ ሙያ ባክአፕ እንለዋለን፤ ብዙዎቻችን ደግሞ አንሠራውም።

ባለፈው ሲሪንቃ ስሄድ ቴፗን ይዤላት ሄድኩ። አክስቴ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየቻት፤ ገለበጠቻት፤ መልሳ አየቻት።

«ምንድነው ይሄ የኔ ልጅ? ብል የበላው ነው እንዴ?»

«እናንተ ያን ጊዜ የላካችሁልን ነው» አልኳት። «‹ደህና ነን› ይላል።»

ጣቷን ቀዳዳዎቹ ላይ አስኬደች። ከዚያ ተነስታ ሳጥኗን ከፈተች፤ መታወቂያዋንና የቤቱን ካርታ የምታስቀምጥበት ፌስታል ውስጥ ከተተቻት።

«አንዷን ቅጂ አንተም ጋ አስቀምጥ» አለችኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ ሌላ 52 ቀዳዳ መታሁ።